ዳማን ያስነሳንበት ሁዳዴ

ሁዳዴ ተጋምሶ ነበር። ከቅዳሴ ወጥቼ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ የአቶ ሽፈራው አጥር ጋ ስደርስ የበግ ላት ሽታ አፍንጫዬን መታው። የቀለጠ ላት፣ ያውም ቤንዚን ቤንዚን የሚል። መጀመሪያ የጾሙ ድካም ያመጣብኝ ነገር መሰለኝ። በሁዳዴ በመሐል ሜዳ ከተማ ላት ማቅለጥ ቀርቶ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንኳ ተፈግፍጎ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ውሾች በሩ ላይ ቆመው ምራቃቸውን ያዝረበርባሉ። አንዲት ጎረቤት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ «ምነው እትዬ በላይነሽ፣ አበልጅዎ ምን ነካቸው?» አለችኝ። አበልጅነት እንዲህ ነው፤ የሳቸው ሐሜት ለኔም ይተርፋል። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

እሳቸው ጋራዥ የሚሉት ከበጎቹ ጋጣ ጎን የተቀጠለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ግማሹን በጎቹ፣ ግማሹን ዳማ ይዘውታል። ዳማ ሞተር ሳይክል ናት፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በባና፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ተሸፍና እዚያው ጥግ ቆማ የኖረች። ያን ቀን ግን ባናው ተገፍፎ፣ ዳማ ተበታትና፣ አቶ ሽፈራው በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው በአንድ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የሚፈላ ነገር በእንጨት ያማስላሉ።

«አንቱ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ሰንሰለት እየቀቀልኩ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዳማን ሲያቆሟት ብረት የሚቀባው ግራሶ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። አባቶቻችን ጠፍር እንዳይደርቅ በላት ያሹት የለ እንዴ ብለው፣ የበዓሉን በግ ላት አቅልጠው ሰንሰለቱ ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ አልፎ ተርፎም ሞተሯ ሆድ ውስጥ አፈሰሱት። በመንዝ ብርድ ላቱ እንደ ሻማ ደረቀ። የሽቦዎቹን ሽፋንና መቀመጫዋን ደግሞ አይጥ በላው። «ጠፍርን ያኖረ ላት ብረትን ምን ያደርገዋል ብዬ ነው» አሉኝ፣ ጥፋቱ የላቱ እንጂ የሳቸው ያልሆነ ይመስል። መንዜ ለችግሩ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው በግ ነው፤ ይለብሰዋል፣ ይበላዋል፣ ይተኛበታል። ሞተር ሳይክል ላይ ያፈሰሰ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ለምን እንደተነሳሱ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ልጃቸው መቅደስ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። ለገና ስትመጣ አባቷ ከጋጣው ደጃፍ ወድቀው ጎረቤት እስኪያነሳቸው እንደቆዩ ከሰው አፍ ሰማች። እሳቸው አልነገሯትም ነበር። እጃቸውም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ሻይ ሲጠጡ ግማሹ ለሳህኑ ነው። ከኔ ጋር ካልኖሩ ብላ ያዘቻቸው። ሲጨንቃቸው ውል ገቡላት፤ «ዳማን አስነስቼ ድምፅዋን ካሰማሁሽ እዚሁ ትተይኛለሽ። ካቃተኝ ከፋሲካ በኋላ ራሴ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ።» መቅደስም ያቺን የዝገት ክምር ስለምታውቃት ደስ ብሏት ተስማማች። ከዚያ ለኔ ደወለችና፣ «እማማ፣ አደራዎን፣ አያበረታቷቸው» አለችኝ። የክርስትና ልጄ ናት፤ አደራዋ ይከብደኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እንዲሄዱ አልፈለግሁም። ባልም ልጅም የለኝም፤ አብረውኝ ከሠሩት አንድም የቀረ የለም፣ ወይ ሞተዋል ወይ ከተማ ገብተዋል። አቶ ሽፈራው ከሄዱ፣ በዚህ ከተማ በላይነሽ አንድ ጊዜ ወጣት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ወጣትማ ነበርኩ። ጤና ረዳት ተብዬ መሐል ሜዳ ስመጣ ጠጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ከታች የሰፋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሼ ነው ከአውቶብስ የወረድኩት። ብርዱ አፍሮም ቤልቦተምም አላለ፤ በሳምንቱ ሁሉንም በባና ጠቅልዬ እንደ አገሬው ሆንኩ። አውቶብሱ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ አሁን የስልክ ካርድና የጫማ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ሆኗል። ሻይ በስሙኒ፣ ትኩስ የገብስ ዳቦ በሌላ ስሙኒ፤ አርባ ብር የያዘ ሰው ቅልብ ሙክት እየጎተተ ቤቱ ይገባል። ባለቤቱ ያለው አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ተበጥሶ የተቀጠለ ስለሆነ፣ ዘፋኙ «ናፍቆትሽ» ብሎ ሊቀጥል ሲል ዘሎ ክራሩ ውስጥ ይገባል። ሁላችንም ያቺን ቦታ እየጠበቅን አብረን እንዘል ነበር። እስከ ዛሬ ያን ዘፈን በሬዲዮ ሳይቆረጥ ስሰማው ዘፋኙ የተሳሳተ ይመስለኛል።

ለወረዳው የመጣችው ሞተር ሳይክል ያኔ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጃፓን ሠራሽ፣ ቀይ። ለጤናና ለእንስሳት ሕክምና በጋራ ተብላ ተሰጠች። ሽፈራው የበግ ክትባት ሠራተኛ ነበሩ፤ መንዳት የሚችሉትም እሳቸው ብቻ። ስለዚህ በግራ ቦርሳ የበግ መድኃኒት፣ በቀኝ ቦርሳ የሕፃናት መድኃኒት ተጭኖ፣ የክትባት ሣጥኔን አቅፌ ከኋላ እቀመጣለሁ። ለክትባት የምንሄድበት የቀየት አገር ገበሬ፣ ቀይ ፈረስን እንደሚጠራው፣ በመልኳ «ዳማ» ብሎ ሰየማት፤ እኛንም «የሰውና የበግ ሀኪም ባንድ ፈረስ» እያለ ይስቅብናል። አንድ ቀን እዚያው ቀየት አንድ ሽማግሌ የሚያስለውን ልጃቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ሽፈራው ሄዱ፤ የታመመች በጋቸውን ደግሞ እየጎተቱ ለኔ አመጡልኝ። አባቴ፣ ተሳስተዋል፣ የሰው ሀኪም እኔ ነኝ ብላቸው፣ «አልተሳሳትኩም ልጄ። የሱን እጅ አውቀዋለሁ፣ በጎቼን ከሞት አድኖልኛል። አንቺን ገና አላየሁሽም፤ እስቲ መጀመሪያ በበጊቱ ልይሽ» አሉኝ። ሽፈራው ከሳቃቸው ብዛት መርፌያቸው ወደቀ። በጊቱን አክሜ ነው ልጁን ያስረከቡኝ። ዛሬ ቀየት በሚኒባስ እፍ ሲሉ የምትደረስ ናት፤ ያኔ ጠዋት ተነስተን፣ ዝናብ ከያዘን፣ አመሻሽ ላይ ከነጭቃችን ነበር የምንደርሰው።

እንደ ወግ ልማዱ በቀሚስ፣ ሁለት እግሬን ወደ አንድ ጎን ሰብስቤ ነበር የምቀመጠው። የዘመሮ ከተማ መዳረሻ ላይ አንድ ቀን ዳማ ዘለለች፤ እኔም ከነሣጥኔ ገብስ ማሳ ውስጥ ተዘረገፍኩ። ሽፈራው ደግሞ ነጂ ሲሆኑ ወሬ ይወዳሉ። ስለ አንድ የዘመዳቸው ሠርግ እያወሩልኝ ነበርና አልሰሙም። ዘመሮ ገበያ መሐል ደርሰው፣ «በይ ውረጂ» ብለው ቢዞሩ ሰው የለም። ገበያተኛው ሁሉ ብቻውን የሚያወራ ሰው መጣ ብሎ ከቧቸዋል። ተመልሰው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሣጥኑን ተሸክሜ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ እያዘገምኩ ነው። ደህና ነሽ ወይ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «ያን ሁሉ ነገር ነገርኩሽ እኮ፤ ከየት ጀምሮ ነው ያልሰማሽኝ?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ልብስ ሣጥኔ ውስጥ የከተትኩትን ያን ቤልቦተም አውጥቼ ከቀሚሴ ሥር ታጠቅሁና እንደ ወንድ ግራና ቀኝ እግሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። መሐል ሜዳ አፍ አወጣች። ባለትዳር ወገብ ይዛ አገር ለአገር የምትዞር ተባልኩ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሴቶቹ ሹክሹክታ ጸጥ ይላል፤ ሳልፍ ይቀጥላል። ወሬው የሽፈራው ባለቤት የዘነበች ጆሮ ደረሰ፤ እሷም አስጠራችኝ። ያኔ ዘነበች ከአራስ ቤት ገና መውጣቷ ነው፤ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ሕፃኗን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና፣ «ክርስትና አንሺልኝ» አለችኝ። ግራ ሲገባኝ ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ፤ «አበልጅ ስትሆኑ እህትና ወንድም ናችሁ። መጋባት እንኳ በክርስትና የተከለከለ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለናንተ የሚያወራ ካለ ከኔ ጋር ሳይሆን ከታቦቱ ጋር ይጣላ።» ከዚህች ሴት ብልኅ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ነፍሷን በገነት ያኑራት።

በሰማንያ ቀኗ መቅደስን አቅፌ ቆምኩ፤ ካህኑ ማተቧን አሰሩላት። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እኔና ሽፈራው አንቱ ተባባልን፤ የአበልጅ ወጉ ነውና። ሐሜቱም እንደ ጠዋት ጉም ሳናውቀው ተነነ። በማግስቱ እንደ ወንድ ዳማ ላይ ስወጣ ያችው ስታሽሟጥጠኝ የነበረች ሴትዮ መጥታ ቀሚሴን አስተካክላልኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ የኖርነው ዕድሜ ሁሉ በአንቱታ ነው። ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀን፣ ብርድ ጠብሶን፣ ተናደን ስንጣላ እንኳ «አንቱ ደንቆሮ ነዎት እንዴ» ነው የምንባባለው። መሥሪያ ቤቱ ዳማን አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲሸጥ የገዟት እሳቸው ናቸው። ዘነበችም፣ «ሁለተኛ ሚስት አመጣብኝ» ብላ እየሳቀች ባናውን ሰጠቻቸው።

እንግዲህ ያን ቀን በላት ሽታ መሐል ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ቆየሁና፣ ነጠላዬን አውልቄ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩ። «እስቲ ያን ካቻቢቴ ያቀብሉኝ» አልኳቸው። የመቅደስን አደራ በላሁ ማለት ነው።

እሳቸው ጆሮ፣ እኔ እጅ ሆንን። ብሎኑን የሚፈታው የኔ እጅ ነው፤ የትኛውን፣ በየት በኩል የሚሉት እሳቸው። ቤንዚን የሚያልፍባት አንዲት የካርቡራተር ቀዳዳ አለች፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ፤ በላት ተደፍናለች። ሽቦ ቢሉ አልገባ፣ እሾህ ቢሉ ተሰበረ። እኔ ቤት ካለ አሮጌ መሳቢያ የክትባት መርፌ አመጣሁና ወጋ ወጋ አድርጌ ከፈትኳት። «አሁን ገና ዳማ ተከተበች» አሉ። ሞተሩን እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ከባጃጅ ዕቃ መሸጫ አገኘነው፤ የፍሬኑን ሽቦ ከብስክሌት ወሰድን፤ መቀመጫውን የባና ቁራጭ አለበስኩት። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ቀን መዶሻ አያስነሱኝም፤ ብሎን ማጥበቅ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም ብለው የራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። የጎረቤት ጉርምርምታ ሲበዛ ደግሞ ንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው፤ የላት ሽታ ጾም ይሽራል ወይ ብለን። አባ ዳማንም ቆርቆሮውንም ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ሽታውስ አይሽርም። ጣታችሁን ከላሳችሁ ግን ሁለታችሁንም አሰግዳችኋለሁ» አሉን።

የሆሣዕና ዋዜማ ደረሰ። በሰሙነ ሕማማት ብረት አይነካም፤ ከዚያ በኋላ ፋሲካ ነው፣ ውሉም ያልቃል። ዳማን ከዳሱ አውጥተን ግቢው መሐል አቆምናት። አቶ ሽፈራው በርኖሳቸውን ለኔ ሰጥተው፣ ኮርቻው ላይ እንደ ድሮው ተፈናጠጡና ማስነሻውን ረገጡ። ምንም። ደግመው ረገጡ፤ ጉልበታቸው ከዳቸውና ዳማን ይዘው ሊወድቁ ሲሉ ደገፍኳቸው። አንዴ ደግሞ ሞከሩ። ከዚያ ወርደው የጋጣው ደፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። 

«በቃ አበልጄ። ሻንጣዬን ከቆጥ ላይ ያውርዱልኝ» አሉ።

ዕንባዬ መጣ። ቀሚሴን ሰብስቤ ዳማ ላይ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘመን ከኋላ ስቀመጥ አንድም ቀን አስነስቻት አላውቅም።

ቀና ብለው አዩኝና፣ «ቀስ ብለው ይጫኑ፣ እስኪከብድዎ ድረስ» አሉ። «አሁን እግርዎን ይመልሱ። አሁን በሙሉ ኃይልዎ ይርገጡ።»

ረገጥኩ። አስነጠሰች። እንደገና ረገጥኩ። ቁርጭምጭሚቴ ሊገነጠል ምንም አልቀረው። «ድምፅዋ እየመጣ ነው፤ ይርገጡ» ይሉኛል ዓይናቸውን ጨፍነው እያዳመጡ። እንደገና ስረግጥ ዳማ አንዴ አጓርታ ተነሳች። ከኋላዋ የወጣው ጢስ የተጠበሰ በግ ነው የሚሸተው። ውሾቹ አበዱ፣ በጎቹ ጋጣውን ጥሰው ወጡ፣ የጎረቤት ሰው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። አቶ ሽፈራው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ስልካቸውን አውጥተው ለመቅደስ ደወሉና ወደ ሞተሩ አስጠጉት። «ሰማሽ?» አሉ። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበርና መቅደስ የምትለውን እሰማለሁ።  «አባዬ፣ ማን አስነሳት?» አለች።

ያን ጊዜ በዓይኔም በእጄም ምልክት ሰጠኋቸው፤ «እኔ ነኝ» ይበሉ፣ ማን ያይዎታል ብዬ። አይተውኛል። ግን፣ «አበልጄ ናቸው በእግራቸው ረግጠው። እኔማ ሞክሬ አቃተኝ፤ ልወድቅም ነበር» አሏት። መቅደስ፣ «እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው።  ዳማን አጠፋኋት።

በፋሲካ ጾሙን እሳቸው ቤት ፈታን። በማግስቱ ልብሳቸውን ራሳቸው አጣጥፈው ሻንጣቸውን የግቢው በር ሥር አኖሩት፤ መኪናው ሲመጣ ዘገዩ እንዳይባሉ። በየቀኑ ስሄድ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ ዋጋ እናወራለን፤ ስለ ሻንጣው ማናችንም አናነሳም። እያደር በጎኑ እየዞርኩ መግባት ለመድኩ።

የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ላይ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። መቅደስ ናት ብለን ሁለታችንም ተነሳን። መቅደስ የለችም። ረዳቱ አንድ ትልቅ ካርቶን አውርዶ ሄደ። ስንከፍተው ሁለት የሞተር ሳይክል የራስ መከላከያ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ።

«እማማ፣ ድምፁን ከፍ ያድርጉት፣ አባዬም ይስሙ» አለች መቅደስ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያስነሳኋት ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መጥቼ እወስድዎ ነበር። ለገና መውደቅዎን ከሰው አፍ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ግን ቢወድቁ እንደሚነግሩኝ አወቅሁ። ነጩ ለሚነዳው ነው፣ ጥቁሩ ከኋላ ለሚቀመጠው። ማን የቱን እንደሚያደርግ እናንተው ተስማሙ።»

አቶ ሽፈራው ነጩን ከካርቶኑ አወጡት። ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፊት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እኔ ራስ ላይ ደፉት።

«መንዳት እኮ አልችልም» አልኳቸው።

«አንቱ መንገዱን ይዩ። ማርሹን እኔ ከኋላ ሆኜ በጆሮዬ እየሰማሁ እነግርዎታለሁ» አሉና ጥቁሩን አጠለቁ።

ሄጄ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አነሳሁና ወደ ቤት መለስኩት። ዳማ እንዳትወጣ መንገድ ዘግቶ ነበር።